የጋሽ አሥራት ለቅሶ በጆሃንስበርግ

ከቦንጋ ልወጣ በዋዜማው ማታ፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳልዘጋ ጋሽ አሥራት አስጠሩኝ። እናንተ እዚያ ያላችሁት ታውቋቸዋላችሁ። እዚህ ስደት ላይ ላላችሁት ግን ልንገራችሁ፦ እሳቸው የከተማችን ጠበቃ ነበሩ፣ እኔ ደግሞ ታይፒስታቸው። በዝናብ እንኳ (ቦንጋ መቼ የማይዘንብበት ቀን አለና!) ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው፣ ኮታቸው ኪስ ላይ አበባ ሰክተው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ፍርድ ቤት የሚገቡ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ክራር ይጫወታሉ። የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ሲናገሩ የገጠር ሽማግሌ፣ አማርኛ ሲናገሩ የቅኔ መምህር ይመስላሉ።

ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ "ነይ" ካለኝ ጀምሮ አኩርፈውኝ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ቆጮ ከጎመን ጋር አቀረቡልኝ፤ ቅቤው ኮሮሪማ ኮሮሪማ ይላል። በልቼ ስጨርስ ጋሼ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጡና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

"ስም!"

"ጋሼ፣ ስሜን ያውቁታል እኮ።"

"እኔ ጋሼ አይደለሁም፤ የባዕድ አገር ሹም ነኝ። ስም!"

"ወርቅነሽ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"ቀና በዪ! ምን ሰርቀሽ ነው መሬት መሬት የምታዪው? ደግሞ ስሚኝ፤ ሹም ሲጮህ አንቺ ድምፅሽን ቀንሺ። ያኔ ለመስማት ሲል ዝም ይላል።"

እየሳቅን አመሸን። በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ሸኙኝ። የአውቶቡሱን ጎን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና ዞረው ሄዱ።

መንገዱንስ አታስታውሱኝ! ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ... በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተኝቼ፣ በእግሬ ጫካ አቋርጬ። ጫካውም ቢሆን እንደኛ ጫካ አይደለም፤ ጥላ የለው፣ ምንጭ የለው፣ እሾህ ብቻ። ጆሃንስበርግ ገብቼ የጥገኝነት ወረቀት ልጠይቅ ስደተኞች ቢሮ ሄድኩ። ሹሙ ቀና ብሎም አላየኝ።

"ከየት ነሽ?"

"ከቦንጋ።"

"ኮንጎ?"

"ቦንጋ! ኢትዮጵያ!"

"የኮንጎ ሰው ፈረንሳይኛ ይናገራል። እስቲ ፈረንሳይኛ ተናገሪ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ቀና አልኩ፣ ድምፄን ቀነስኩ። ብታምኑም ባታምኑም ሰውዬው ዝም አለና ጆሮውን አስጠጋ! "ጌታዬ፣ ፈረንሳይኛ አልችልም። ግን ፊትህ ያለው ቡና ከኔ አገር ነው የመጣው" አልኩት። ኩባያውን አየ፣ እኔን አየ።

"ይሄ ሻይ ነው" አለኝ።

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። እየሳቀ "ኢትዮጵያ" ብሎ ጻፈልኝ።

ኑሮ ተጀመረ። የወንድሜ ሱቅ ሩቅ ሌላ ከተማ ነው፤ እኔ እዚህ ጄፔ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ መሐሉ ቅቤ የሌለው ገንፎ ምኑን ገንፎ ሆነ? ዝናባቸው ከሰዓት በኋላ እንደተናደደ ሰው ጮኾ ይሄዳል። የኛ ዝናብ እኮ ለእንግድነት መጥቶ አልሄድም የሚል ዘመድ ነው! ሰላምታቸውም "ሃውዚት" ነው፤ ብለው ያልፋሉ። ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቡናው የሚጠይቅ የለም።

አንድ እሑድ ጠዋት ተረፈ እያለከለከ መጣ። ተረፈ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ገጠር ልጅ ነው፤ አጠገቤ ጫማ ይሸጣል። "ጋሽ አሥራት ዐረፉ" አለኝ። "ልባቸው ነው አሉ። ከችሎት ወጥተው ቤታቸው ሲገቡ።"

የቦንጋው፣ የደካው፣ የቢታ ገነቱ ልጅ ሁሉ እኔ ክፍል ተሰበሰበ። አባቱ ቦንጋ ሱቅ ያላቸው ሙስጠፋም ቴምር ይዞ መጣ። ሁላችንም አቀርቅረን ስናለቅስ ቆይተን፣ ድንገት ተረፈ "እሳቸው ባይኖሩ እኔ እስር ቤት ነበርኩ እኮ!" ብሎ ተነሳ።

ጎረምሳ ሳለ ከሰው ቀፎ ማር ሰርቀሃል ተብሎ ተከሶ ነበር። ጋሽ አሥራት ቆሙለት። ምስክሩ እናቱ ነበሩ፤ ከካፊኖኖ ሌላ አይችሉም። እናት እጃቸውን እያወናጨፉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ተናገሩ፣ ተናገሩ። አስተርጓሚው ላቡን ጠርጎ "አላየሁም ነው የሚሉት" አለ።

"ጋሽ አሥራት ብድግ!" አለ ተረፈ። "'ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኚህ እናት ይህን ሁሉ ተናግረው ትርጉሙ አንዲት ቃል ከሆነ፣ ካፊኖኖ የቴሌግራም ቋንቋ ነው ማለት ነው!' ዳኛው ሳይቀሩ ሳቁ። እናቴ እንደገና ትናገር ተባለ፣ ቃል በቃል ተተረጎመ። ለካ ማሩ ጠፋ በተባለበት ቀን እኔ የታመመ ጎረቤታችንን በቃሬዛ ተሸክሜ ቦንጋ ሐኪም ቤት መሆኔን ነው የተናገረችው! ጎረቤታችንም ተጠርቶ መሰከረ። ተለቀቅሁ!"

ከዚያ ማን ያቁመን! ሙስጠፋ የራሱን አወራ፣ የደካዋ ልጅ የራሷን አወራች። ጋሼ በክራር የሚጫወቱትን ዜማ እያጨበጨብን አነሳነው። በሩ ተበረገደ። አከራዬ ማ ግላዲስ ናት፤ እነሱ "ማ" ሲሉ እናት፣ "ሲሲ" ሲሉ እህት ማለታቸው ነው።

"ሲሲ! ለቅሶ ነው ብለሽ አይደል ያስፈቀድሽኝ? ይሄ ሰርግ ነው!"

"ሰው ሞቶብን ነው፣ ማማ።"

"የኔም ባል ሞቷል፤ አላጨበጨብኩም! እንግዶችሽን ይዘሽ ውጪ፤ ክፍሉንም ልቀቂልኝ!"

በክረምት መንገድ ላይ መውደቄ ነው። ድምፄን ቀነስኩ፦ "ያሳቀን የሞተው ሰው ነው።"

"ምን አልሽ?" አለችና ቀረበች። ስለ ተረፈ እናትና ስለ አስተርጓሚው ነገርኳት። መጨረሻው ላይ ስደርስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "በነጮቹ ጊዜ የኛም ፍርድ ቤት አስተርጓሚ እንዲሁ ነበር እኮ!" ቴምሩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። በዚያው ቀረች።

ሞቅ እንዳለን ቦንጋ ደወልን፣ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግነው። እትዬ አልማዝ አነሱ።

"እግዜር ያጽናዎት" አልን ሁላችንም።

"አሜን። ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ?"

ደነገጥን። "ይቅርታ እትዬ፣ የጋሼን ነገር እያነሳን ነው" አልኩ።

"እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ አልቅሶ ይሄዳል። ስለሱ የሚያወራኝ አጣሁ። ንገሩኝ እስቲ።"

ተረፈ ስልኩን ተቀበለና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቁርጥ በጋሽ አሥራት ድምፅ "ክቡር ፍርድ ቤት..." ብሎ ጀመረ። ከወዲያ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። ተረፈ ፈራና አቆመ።

"አታቁም" አሉ እትዬ አልማዝ ቀስ ብለው። "ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።"

ጀመረላቸው። በወሬው ውስጥ እናቱ ገና ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ የስልኩ ካርድ አለቀ። ሙስጠፋ ሌላ ሊገዛ ደረጃውን በሩጫ ሲወርድ ሰማሁት፤ እሑድ ነው፣ የሰፈራችን ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ እሱ ግን ክፍት ሳያገኝ አይመለስም።