ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፤ የገለልተኛው ሾፌር ጉዞ

ቅዳሜ ሲነጋጋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አንባቢዎቼ፣ የዛሬው ጉዞዬ ያለ ትራፊክ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አትሳቁ። ከተመለስኩ በኋላም ልቤ ገና አልተረጋጋም፤ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ገና ጨለማ ሳለ ተነስቼ ቫኔን አጠብኩ፣ ወንበሮቹን ወለወልኩ። የማሳፍረው ሽማግሌዎችን ነዋ! ናቲ የሚባል የእኛ ሰፈር ነርስ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ የምትኖረውን ሩትን ማግባት ይፈልጋል። አባቷ ጋሽ በቀለ ግን አሻፈረኝ ብለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን የዛሬ ጥቂት ዓመት በድራም ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ። ድራሙ ይመታ ያልነው እዚሁ ቀረን፤ ጆሯችን ደነቆረ ያሉት ጋሽ በቀለን ተከትለው አሌክሳንድሪያ ሌላ ጸሎት ቤት ከፈቱ። ድራሙን ይመታ የነበረው ማን መሰላችሁ? ናቲ!

«ያልነው» አልኩ እንዴ? ይቅርታ፣ እኔ ገለልተኛ ነኝ። አንድ እሑድ እዚህ አመልካለሁ፣ አንድ እሑድ እዚያ። በሁለቱም ቤት ሰው ይወደኛል፣ በሁለቱም ቤት ምሳ አለኝ። ባለፈው የተላኩት ሽማግሌዎች ቆመው ገብተው ቆመው ስለወጡ አሁን የናቲ ቤተሰቦች «አንተም ሽማግሌ ሁን» ቢሉኝ «መንዳት ብቻ!» ብዬ ተገላገልኩ።

መጀመሪያ የናቲ አጎት ሰሎሞን ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ በሽቶ ታጥኖ ገባ። ቀጥሎ ጋሽ መታፈሪያ ከዘራቸውን ይዘው፣ ባለ ወርቃማ ቁልፍ ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ፣ ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱ፣ ስለ መርከብ ካወሩ ምግብ የሚረሱ ሰው ናቸው። ቀጠሮው ረፋዱ ላይ ሆኖ ሳለ በማለዳ ያስነሱን እሳቸው ናቸው።

«ባሕር ኃይል አያረፍድም» አሉኝ ቀበቶ እያሰሩ። «ለመሆኑ አንተ ታደሰ፣ ከማን ጋር ነህ?»

«ከማንም ጋር አይደለሁም ጋሼ። ኒውትራል ነኝ።»

«ኒውትራል!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። «ንዳ፣ ንዳ። ስለ ኒውትራል መርከቦች አጫውትሃለሁ።»

ቤልትዌይ፣ ቀለበት መንገዱ ላይ

ቅዳሜም ትራፊክ አለ። ቀይ የፍሬን መብራት፣ የጭነት መኪና፣ የጥገና ብርቱካናማ በርሜል፣ በመስታወት ሊፕስቲክ የምትቀባ ሴት። ሰሎሞን ከኋላ ንግግሩን ይለማመዳል፦ «የተከበሩ ጋሽ በቀለ፣ የመጣንበት ጉዳይ...»

ጋሽ መታፈሪያ ጀመሩ። «አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሳትገባ በፊት ገለልተኛ ነኝ ትል ነበር። መርከቦቿ ግን አትላንቲክ ላይ ውለው ያድራሉ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሲያዩ አይተኩሱም። ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ይናገራሉ፣ እንግሊዝ ይሰማል።»

ባለፈው ወር «ዛሬ አባትሽ ደስ ብሏቸዋል፣ አሁን አናግሪያቸው» ብዬ ለሩት ቴክስት ያደረግኩት ትዝ አለኝ።

«አሮጌ መርከቦቻቸውንም ለእንግሊዝ ሰጡ።»

አሮጌ መኪናዬን የሚነዳው ናቲ ነው። ሩትን ለማየት ወንዙን የሚሻገረው በምን መሰላችሁ?

«ቆየት ብሎ ደግሞ የጭነት መርከቦችን ማጀብ ጀመሩ። ጦርነት አልገባንም እያሉ!»

«ጋሼ፣ ስለ መርከብ ነው ስለ እኔ የሚያወሩት?»

«ስለ መርከብ ነው፤ ምን ነካህ?» አሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው እየሳቁ።

አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር

በጣም ቀድመን ደረስን። የጡብ መንገድ፣ ነጫጭ ጀልባ፣ ሹራብ የለበሰ ውሻ፣ ከውሻው ያነሰ የለበሰች ሯጭ። በወረቀት ኩባያ ቡና ይዘን ዳክዬ ስንቆጥር ቆየንና፣ ዱሮ ቶርፒዶ የሚባለው የባሕር ውስጥ ቦምብ ይሠራበት የነበረው ትልቁ ቤት ሲከፈት ገባን። አሁን ሠዓሊዎች ይሠሩበታል። አንድ ረጅም አረንጓዴ ቶርፒዶ ግን እዚያው ተቀምጧል። ጋሽ መታፈሪያ እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ አደረጉት።

«በመጨረሻስ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«አንዷ አጃቢ መርከብ ተመታች። ከመቶ በላይ መርከበኛ አለቀ።» ድምፃቸው ወረደ። «ወረቀቱ ላይ ሰላም ነው፤ ውኃው ላይ ሰው ይሞታል። ያኔም ገና ጦርነት አልገቡም ነበር። የገቡት ባልጠበቁት በሌላኛው ውቅያኖስ ሲመቱ ነው።»

ከዚያ ሰሎሞን ሰዓቱን አየና «ቀጠሮ!» ብሎ ጮኸ፤ እየተጋፋን ወጣን።

ረፋድ፣ ጋሽ በቀለ ቤት

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ አይበላም። ጋሽ በቀለ ይህን ስለሚያውቁ ሳሎኑን በምግብ ሞልተው ጠበቁን። የቅቤው ሽታ ገና በሩ ላይ ተቀበለን።

«ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መታፈሪያ።

«እንግዲያው ቁሙ። ታዴ፣ አንተ ግን ሾፌር ነህ አይደል? ና አጠገቤ ቁጭ በል።»

ምን ላድርግ? ተቀመጥኩ። ትኩስ ጨጨብሳ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ሰሎሞን «የተከበሩ...» አለና ንግግሩ ከአፉ ጠፋ።

«ያንን ድራም መቺ ነው የምታወሩልኝ?» አሉ ጋሽ በቀለ።

ጋሽ መታፈሪያ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየቀያየሩ ከዘራቸውን ተደገፉ። ደረጃው ላይ የሩት ካልሲ ይታያል፤ የእግር ጣቶቿን አጥፋለች። አሁንም እምቢ ካሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ የሚላክ አልመሰለኝም።

«ጨጨብሳው አልጣመህም?» አሉኝ ጋሽ በቀለ።

ሳላስበው ሳህኑን እንደያዝኩ ተነሳሁ። ሄጄ ከጋሽ መታፈሪያ ጎን ቆምኩ። «ጋሼ፣ እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት። ልጅዎን ለናቲ ይስጡልን።»

«ኦ ማይ ጋድ!» አለች ሩት ከደረጃው።

«ሩት!» አሉ አባቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ልጁን ጠልቼ መስሎሃል? እነሱ ይልካሉ፤ ከእኔ ጸሎት ቤት ግን አንድ ሰው እንኳ 'ስጥ' አላለኝም። እሺ ብል ነገ ለሕዝቤ ምን እላለሁ? አሁን ታዴ ቆሞ ጠየቀኝ እላለሁ። ተቀመጡ በሉ!»

ጋሽ መታፈሪያ «እፎይ!» ብለው ሶፋው ላይ ወደቁ። እንደ ወጉ የመጨረሻው መልስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚሆነው ሁለተኛ ቀጠሮ ተላለፈ፤ ግን የጋሽ በቀለ ባለቤት ከጓዳ እልል ብለው መልሱን አጋለጡት። «ሠርጉ ላይ ግን ድራም የለም!» አሉ ጋሽ በቀለ፤ ሰሎሞን አፉ በጨጨብሳ ተሞልቶ ራሱን ነቀነቀ።

ከሰዓት፣ መመለሻ

ድልድዩ ላይ መስኮቱን ከፍተን ሦስት ሽማግሌ እንደ ሕፃን ጮኽን። አዎ፣ ሦስት። ነገ የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ይቆጡኝ፣ የአሌክሳንድሪያዎቹ ይኩሩብኝ አላውቅም፤ ደስ ብሎኛል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሱፍ ስፈልግ አገኘችኝ። «ሾፌር ደግሞ ሱፍ ምን ያደርግለታል?» አለች።

ጋሽ በቀለ በር ላይ እጄን ይዘው ያሉኝን ነገርኳት፦ «የዛሬ ሁለት ሳምንት ስትመጣ መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳው።»