ናኦል ከማን እጅ ይጠጣል

ቅዳሜ ንጋት፣ አምቦ

መናኸሪያው ገና አልሞቀም። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጫለሁ፤ እግሬ ሥር ሁለት ጠርሙስ ጋዝ ውሃ አለ። እኛ አምቦዎች ሆዳችንን ባመመን ቁጥር እሱን ነው የምንጠጣው። ልጄን ናኦልን ተቅማጥ ይዞታል ብላ የደወለችልኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት አዴ ጫልቱ ናት። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሠራተኛዬ ጥላኝ ስለሄደች ልጁን ጎጆ ከተማ፣ እሷ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ። አሁን አንድ ዓመት ተኩል ሊሞላው ነው። እሷን «እማ» ይላታል። እኔን ደግሞ እሷ ስትጠራኝ እየሰማ «አልማዝ» ይለኛል። ሰው ይስቃል፤ እኔን ያንገበግበኛል። ዛሬ ይዤው ልመለስ ቆርጬ ነው የወጣሁት።

ረፋድ፣ ጊንጪ

እዚህ መኪና ይቀየራል። ወደ ጎጆ የሚወጣው ቅጥቅጥ ጣሪያው ላይ ባዶ የድንች ጆንያ ተቆልሏል።

«ለድግስ ነው እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ ጠርሙሶቹን አይቶ።

«ልጄ ታሞብኝ ነው።»

«ዋቅኒ ሃ ፈይሱ! እግዜር ይማርልሽ፣ እህቴ። ግቢ፣ ከፊት ተቀመጪ።»

መንገዱ ድንጋይ፣ አቧራ፣ ከዚያ ደግሞ ጭቃ ነው። ግራና ቀኝ ገብስ። ብርዱ እየበረታ ይሄዳል። እኔ ግን የማስበው ጥፋት ነው፤ አዴ ጫልቱ ውሃውን ሳታፈላ አጠጥታው ይሆናል፣ እጇን ሳትታጠብ አጉርሳው ይሆናል። ጥፋቱ የእሷ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ልጅ ታሞ እንዲህ መመኘት ነውር ነው፤ ግን ተመኘሁ።

ቀትር፣ ጎጆ

አዴ ጫልቱ ናኦልን አዝላ በር ላይ ቆማለች። ዓይኑ ጎድጉዷል። ከጀርባዋ አውርጄ ሳቅፈው አለቀሰ፤ ጉንጩ ላይ ግን እንባ የለም።

ለተቅማጥ የሚሰጠውን የለምለም ዱቄት ከፓኬቱ አውጥቼ ባመጣሁት ጋዝ ውሃ በጠበጥኩት። ኩባያው አረፋ ብቻ ሆነ። ናኦል አንዴ ተጎንጭቶ ልብሴ ላይ መለሰው።

«ተይ አልማዝ፣ ያፈላሁት ውሃ ቀዝቅዟል» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት፣ ጤና ጣቢያ

ነርሷ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቶሎ አልተመለሰም። ዳይፐሩን አውልቃ አየች።

«ደም አለበት። የአንጀት ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም። ሽሮፕና ዚንክ ይወስዳል፤ ከሁሉ በፊት ግን ለምለሙን ይጠጣ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ። አልጠጣም ካለ ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው።»

«ከምን መጣበት?» አልኩ፣ አዴ ጫልቱን በጎን እያየሁ።

«ከውሃም፣ ከወተትም፣ ከእጅም፣ ከዝንብም ይመጣል። የናኦልን ከምን እንደመጣ አላውቅም።»

የምከስበት ነገር አጣሁ። ማንኪያውን ወደ አፉ ሳስጠጋ ጥርሱን ነከሰ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ፊቱን አዙሮ «እማ!» ብሎ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። አንገቱ መያዣ አጥቶ ወደ ጎን ሲወድቅ ቅናቴም አቅም አነሰው።

«እንኪ» አልኳት፣ ልጁንም ኩባያውንም።

ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ እንደ ጫጩት አፉን ከፈተላት። በማንኪያ፣ በማንኪያ ጠጣ። እኔ ፊት ለፊታቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እያንዳንዷን ማንኪያ እቆጥር ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የአዴ ጫልቱ ቀሚስ ረጠበ።

«ሸና? እሰይ!» አለች ነርሷ። «ውሃው ገብቶለታል ማለት ነው።»

አዴ ጫልቱ እያለቀሰች ሳቀች። እኔም አለቀስኩ፤ ደስታ ነበር፣ ግን በዚያ በረጠበ ቀሚሷም ቀናሁ።

እሑድ፣ የመልስ መንገድ

ናኦል ሌሊቱን ተኝቶ አደረ፤ ጠዋት ገንፎ ቀመሰ። ሽሮፑም ዚንኩም ገና ይቀጥላል፤ ከእኔ እጅ ግን አይቀበልም። ነገ ቢሮ እገባለሁ። ልወስደው ብዬ የሸከፍኩትን ልብሱን ከሻንጣው አውጥቼ፣ አጣጥፌ ቦታው መለስኩት። «ሲያገግም ትወስጂዋለሽ» አለችኝ አዴ ጫልቱ፣ ወደ መሬት እያየች። እሷም እንደፈራች ያኔ ገባኝ።

ከጊንጪ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወሬ ትወዳለች።

«ልጅ አለሽ?»

«አለኝ። አሞት ነበር፣ ተሽሎታል።»

«ውይ! ታዲያ ማን ጋ ትተሽው መጣሽ?»

«እናቱ ጋ» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መልሼ ልውጠው ፈለግሁ። ሴትዮዋ አፍጥጣ አየችኝ፤ እኔ አምቦ እስክንገባ ፊቴን ከመስኮቱ አላነሳሁም።