በጓዴ ኢሜይል የተከፈቱ ስልኮች

ጓዴ የቢቸና ስልክ ጠጋኝ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ የባትሪ ድንጋይ ሲሸጥ ኖሮ፣ ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ ሲመጣ አብሮ ዘመነ። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ችኮላው ግን አይጣል ነው።

አዲስ ስልክ ሲከፈት ኢሜይል ይጠይቃል። ጤፉን ሸጦ ስልክ የገዛ ሰው ኢሜይል ከየት ያመጣል? ጓዴ መላ አላጣም። የራሱን ያስገባና «በል፣ አለቀልህ» ብሎ ይሸኛል። እንዲህ እያለ የከተማውን ግማሽ ስልክ በራሱ ስም ከፈተው። የሚስቱን የአምሳለችንም ጭምር።

ውሎ አድሮ ነገሩ ይወላገድ ጀመር። በደጀን መስመር ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌሩ ሰማው ስልኩን በነካ ቁጥር የቬሎ ማስታወቂያ ይመጣበታል። «አንተ፣ ልትድረኝ ነው እንዴ?» እያለ በጓዴ ያሾፋል። ለሠርጓ ደፋ ቀና የምትለውን ሥርጉትን ደግሞ የጭነት መኪና ጎማ መግቢያ መውጫ አሳጣት። በጓዴ ስልክ ላይ ሁሉም ይመጣል፤ መውለድ ያልቻሉ የሚታከሙበት አንድ የህንድ ሆስፒታልም አይጠፋም። «አይ የሰው ጉድ!» ይልና ያልፈዋል።

አንድ ቀን ለምሳ ቤቱ ሲገባ አምሳለች የለችም። ልብሷን ጠቅልላ ሞጣ፣ አባቷ ዘንድ ሄዳለች። ቢደውልላት እያለቀሰች አነሣችው።

«ስልኬ ውስጥ ያለው ስም ያንተ ነው። ጠዋት ማታ ቬሎ ነው የሚያሳየኝ። ስድስት ዓመት አልወለደችልኝም ብለህ ሌላ ልታገባ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ዘጋችበት። ጓዴ ሚስቱን ይወዳታል፤ ያለ እሷ ቤቱ ቤት አይደለም።

በቀጥታ የሄደው ከሐዋሳ ተመድባ ወደመጣችው የኮምፒውተር መምህርት፣ ወደ ትህትና ነበር። ሰምታው ሳቋ አመለጣት። «አስተዋዋቂዎቹ ሰው ምን እንዳየ፣ ምን እንደፈለገ ይከታተላሉ፤ ያገኙትንም እርስ በርስ ይቀባበሉታል። አንተ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ኢሜይል አስገባኸው። ለእነሱ ቢቸና ማለት አንድ ሰው ነው፤ ቬሎ የሚያማርጥ፣ ጎማ የሚገዛ፣ ልጅ የሚፈልግ ጓዴ!»

ጓዴ አልሳቀም። ሱቁን ዘግቶ ሥርጉትን ለመናት፤ እሷም እናቷን አስፈቅዳ ምስክር ልትሆነው አብራው ተሳፈረች። ሞጣ ሲደርሱ የአምሳለች አባት አቶ ሣህለ ማርያም ፊታቸውን አጥቁረው ተቀበሏቸው።

«አባባ፣ ቬሎውን የምፈልገው እኔ ነኝ» አለች ሥርጉት ስልኳን እያሳየች። «ይሄን ጎማ ግን አላውቀውም።»

ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አምሳለች አልሳቀችም። ስልኳን አምጥታ ለባሏ ሰጠችው። «በል፣ ስምህን አውጣልኝ።»

እዚያው ቁጭ ብሎ በራሷ ስም አዲስ ኢሜይል ከፈተላት። በማግስቱ ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። ቬሎው የለም፤ ጎማውም የለም። «ይኸው፣ አሁን ያንቺ ብቻ ነው» አለ ጓዴ ደስ ብሎት። ወዲያው የህንዱ ሆስፒታል ብቅ አለ።

አምሳለች ስልኩን ልትነጥቀው እጇን ሰደደች፤ ግን አልደረሰችም። ማታ በአዲሱ ኢሜይሏም ሆስፒታሉን ስትፈልግ አምሽታ ኖሯል፤ ጓዴ የሰው ጉድ እያለ ሲያልፈው የከረመው የገዛ ቤቱ ጭንቀት ነበር። አፈረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ተስፋ ብትቆርጥብኝስ?»

ባል ሐኪም ቤት ሄዶ በዚህ ጉዳይ ተመረመረ ማለት በአገሩ ያልተለመደ ነው፤ ጥፋቱ ሁሌም የሴቷ ነው። ጓዴም እስከዚያች ጠዋት ድረስ እንደዚያው ያስብ ነበር። ስልኩን በእጇ መለሰላትና ተነሣ።

«ህንድ ሩቅ ነው። ከዚህ ወደ ባሕር ዳር መኪና አለ» አላት። «መጀመሪያ እኔ ልመርመር።»