የእድራችን ጆሮ ጠቢ

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ነገሥታት ሰላያቸውን መነኩሴ አስመስለው፣ ነጋዴ አስመስለው ወደ ጠላት አገር እንዴት ይልኩ እንደነበር፣ ስንቱ ጦርነት ገና ጥይት ሳይተኮስ በወሬ እንዳለቀ ሳስተምር ኖሬያለሁ። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄ ሁሉ ይለወጥ ነበር። ለእኛ ለደባርቆች የደረሰን ሰላይ ግን የሰፈራችን የእድር ጸሐፊ ነበር።

ሰውየው ጆሮ ጠቢ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ምስጢሩን ይጠብቅ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ጠላ ቤት ሲገባ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ አንዲት ጣሳ ይዞ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይፈጃል፤ ከዚያ ጣራ ጣራውን እያየ «ኧረ ይሄ መንግሥትስ አበዛው!» ይላል። ማጥመጃው ይህ ነው። እኛም ባንድ አፍ እንነሣበታለን፤ «ምን ጎደለን? መንገዱ ተሠራ፣ መብራቱ ገባ፣ ዕድሜ ይስጠው እንጂ!» መብራት ጠፍቶ ሬዲዮኑ ዝም ባለበት ቀን እንኳ እንዲህ ብለን እናውቃለን። እሱ ይህን ተሸክሞ ወደ ጸጥታ ቢሮው ይሄዳል። መንግሥት ደባርቅ በደስታ ልትሞት ነው ብሎ ቢያምን ምን ይፈረድበታል? እኔን ብትጠይቁኝ፣ ብዙው ዙፋን የወደቀው ጆሮ አጥቶ ሳይሆን እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ ነው።

እውነቱን የነገሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ ጡረተኛ መምህሬ። የጊች መንደር ገበሬዎች ተራራው ላይ ካለው ብሔራዊ ፓርክ ተነሥተው ወደ ከተማችን ሊመጡ ነው በተባለ ጊዜ ጸሐፊው እንደ ልማዱ መንጠቆውን ጣለ። መምህሬ ጣሳቸውን አስቀመጡና፣

«የገብስ አራሽ ደባርቅ መጥቶ ምን ሊያርስ ነው? አስፋልቱን? ሂድና ንገራቸው፤ መምህሩ ነው ያለው በላቸው» አሉት።

ነገራቸው። በሦስተኛው ቀን መጥተው መምህሬን ወሰዷቸው። ያን ሁሉ ዓመት ጆሮውን አቁሞ የለቀመው አንድ እውነት ይኸው ነበር፤ እሱኑም ሰው ማጥፊያ አደረገው።

መምህሬ ከወራት እስር በኋላ ሲመለሱ ሳል ይዟቸው ተመለሱ። ክረምቱን አልዘለቁም። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ የሞተው ማን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን፤ ግን ከቤቱ የሚወጣ ጠፋ። በእድራችን ደንብ ለቀብር የወጣ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ስሙ ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ስም የሚጠራው ደግሞ ጸሐፊው ነው፤ መዝገቡም ወር ሲሞላ ጸጥታ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ እንደሚገኝ እናውቅ ነበር። ወቅቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ነው፤ ሰው በትንሽ ነገር ይለቀማል። ሚስቴ ነጠላዬን ስታቀብለኝ ጋቢዬን ተከናንቤ «ሆዴን አሞኛል» አልኳት። ነጠላውን መልሳ ሰቀለችው።

በመስኮት አየሁ። አስከሬኑን የተሸከሙት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ አንድ ከድብ ባሕር የመጣ ዘመዳቸውና፣ አራተኛ ሰው ስለጠፋ፣ ጸሐፊው ራሱ ነበሩ። መዝገቡን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ጭቃውን እያቦካ ዳገቱን ወጣ። «አስገድሎ አስቀባሪ!» አልኩ በሆዴ። ከመቼውም ይልቅ ናቅሁት፤ ንቀቱም ጣፈጠኝ። ቤቱ ለተደበቀ ሰው ሌላ ምን ይጣፍጠዋል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ አስፋልቱ ዳር አገኘኝና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

«አይዞህ መምህር፣ በቀሪ አልጻፍኩህም። የመምህርህ ቀብር አይደል? መጥቷል ብዬ አስተካክዬልሃለሁ።»

ከቅጣት ሊያድነኝ፣ ውለታ ሊውልልኝ ነበር። መዝገቡ የት እንደሚሄድ የማውቅ አልመሰለውም። እኔ ግን ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት።

«ኧረ እኔ አልመጣሁም!» ብዬ ጮህኩ። «ቤቴ ነበርኩ፣ ምስክር አለኝ! በእናትህ፣ ቀሪ ብለህ ጻፍልኝ!»

መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቀጥሎ ለምን እንደምለምነው ገባው። ያን ያህል ዘመን የናቅሁት ሰው ለእኔ አፈረልኝ። መዝገቡን እያወጣ ከኋላዬ ወዳለ ሰው ሲያይ ዞር አልኩ። የመምህሬ ባለቤት ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ለአርባው ተዝካር ያስፈጩትን ዱቄት ይዘው ቆመዋል።

«ጻፍለት ልጄ» አሉት ጸሐፊውን። «አልመጣም። እኔም ምስክር ነኝ።»