ቃለ መጠይቅ ያስተማሩኝ ሰው

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ሰሞን፣ ሞጣ ከተማ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ተነሥቼ ትቼዋለሁ። ሰው «በደንብ ብትዘጋጂ ኖሮ እስካሁን ሥራ ይዘሽ ነበር» ባለኝ ቁጥር ግን ያ ቀን ድቅን ይልብኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ እናቴ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። የተማርሁት ማኔጅመንት ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን የቢዝነስ ተማሪዎችን ለሥራ የሚያዘጋጅ ማዕከል ነበረው። የመጨረሻው ዓመት ላይ ስንደርስ ሁላችንም እዚያ ሠለጠንን። አሠልጣኛችን መምህር ይታያል ይባላሉ። አርባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ሲቪ አጻጻፉን፣ ማመልከቻውን፣ አቀማመጡን፣ አነጋገሩን ሁሉ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አንድ በአንድ ፊት ለፊታቸው ያስቀምጡንና «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ይሉናል።

እኔን ይቺ ጥያቄ ገደለችኝ። በእኛ ቤት ሰው ስለ ራሱ አያወራም፤ ነውር ነው። አንገቴን ደፍቼ ዝም ስል ግን አልተቆጡኝም። «ባንቺአምላክ፣ ያለሽን መናገር ትምክህት አይደለም» አሉኝ። ከዚያ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሰጡኝና እንደ ዳዊት አስደገሙኝ፦ «ከሰው ጋር በትዕግሥት የምሠራ፣ የማላውቀውን ለመጠየቅ የማላፍር፣ የጀመርሁትን ሳልጨርስ የማልነሣ ሰው ነኝ።» መናገር ለከበደው ሁሉ የሚሰጡት እሷን ነበር። ብዙዎቻችን ደግሞ ከብዶን ነበር።

አንድ ነገርም ደጋግመው ይሉ ነበር። «ሥራ አጥ የሚባል ሰው የለም፤ ያልተዘጋጀ ሰው ነው ያለው።» ይህችን ቃል የዶርማችን ግድግዳ ላይ ጽፈን ለጥፈናታል። አምነናቸው ነበር።

የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው አለፍሁ። ተመርቄ ቢቸና ተመለስሁ። አባቴ በግ አርዶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ጠፋ። ማስታወቂያው የሚወጣው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ የለም። ኢንተርኔቱ ሲመጣ መንገዱ ይዘጋል። መንገዱ ሲከፈት የምዝገባው ቀን አልፎ አገኘዋለሁ። ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ።

በገበያ ቀን የእናቴን ቦታ ስጠብቅ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አወርደዋለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «የት ገባሽ?» ይለኛልና። አንድ ቀን አባቴ ከእርሻ መጥቶ እግሩን እየታጠበ «ልጄ፣ ትምህርቱ ገና አላለቀም ማለት ነው?» አለኝ። ሊነካኝ ብሎ አይደለም። የምሩን ነበር የጠየቀኝ። የተማረ ሰው ቤት ይቀመጣል ብሎ ማሰብ አልቻለም። እኔም ውሃውን ልደፋ ተነሣሁ።

በዚህ መካከል ነው ከሞጣ የተደወለልኝ። አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ለደንበኞች አገልግሎት አንድ ሰው በዜሮ ዓመት ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቶ አመልክቼ ነበር፤ ለቃለ መጠይቅ ነይ አሉኝ። መንገዱም በዚያው ሳምንት ተከፍቶ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ አለች፤ ሲስተር ከድጃ። ጥቁር ጫማዋንና ጃኬቷን አዋሰችኝ። «አላህ ይክፈትልሽ» ብላ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። እናቴ ከዚያ በፊት የተሳለችው ስለት ላይ ሌላ ስለት ጨመረች።

ደብረ ወርቅን፣ ቀራንዮን አልፈን ሞጣ ገባን። አክስቴ ቤት አድሬ ጠዋት ወደ ተቋሙ ሄድሁ። ግቢው ውስጥ ዋንዛ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ተቀምጠዋል።

ከመካከላቸው መምህር ይታያልን አየሁ።

ደስታዬን አልነግራችሁም። ጠያቂው እሳቸው ከሆኑ እግዜር አቀናልኝ ብዬ ነው ያሰብሁት። ሮጬ ሄጄ እጅ ነሣሁ። «መምህር፣ እርስዎ ነዎት የሚጠይቁን?» አልኋቸው።

ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ጨበጡኝ። ሸሚዛቸው እንደ ድሮው ተተኩሷል፤ ኮሌታው ግን ሳስቶ ክሩ ወጥቷል። «አይ ባንቺ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እኔም እንደ እናንተው ተጠያቂ ነኝ።»

ከጎናቸው ደሳለኝ የሚባል የማርኬቲንግ ምሩቅ ነበር። እሱም የእሳቸው ተማሪ ነው። ሞጣ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ቃሏን ከአፋቸው ነጠቃት። «ተጠያቂስ ነዎት» አለ። የጎጃም ልጅ ሰምና ወርቅ አያመልጠውም። ማናችንም አልሳቅንም።

መምህር እንዳልሰሙ ሆነው አጠገባቸው አስቀመጡኝና የሆነውን ነገሩኝ። ማዕከሉን የሚደግፈው ፕሮጀክት አልቆ የእሳቸውም ኮንትራት በዚያው ቀረ። በየቦታው አመለከቱ። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ለትንሽ ሥራ አይቀመጥም እየተባለ መለሷቸው። ሚስታቸው ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች፤ እሳቸው ሞጣ እናታቸው ቤት ናቸው። «አሁን ሁለተኛውን ዲግሪ ከሲቪው አውጥቼዋለሁ» አሉኝ። ሲቪያችንን እያዩ «ያላችሁን አትደብቁ» የሚሉን እኒህ ሰው ናቸው።

ደሳለኝ አልለቀቃቸውም። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎም አልተዘጋጁም ነበር?» አላቸው።

መምህር መሬት መሬቱን እያዩ «ልክ ነህ ደሳለኝ» አሉ። «በር ማንኳኳት አስተማርኋችሁ። ከበሩ ኋላ ቤት መኖሩን ግን አላየሁም። አለ ሲሉኝ አለ አልኋችሁ።»

ደሳለኝ ይሄን አልጠበቀም መሰለኝ፤ ተነሥቶ አጥሩ ሥር ሄዶ ቆመ።

ከተራ ጠባቂዎቹ አንዷ ከጉንደ ወይን የመጣች ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ቃለ መጠይቋ ነው። የምትገባውም መጀመሪያ ነው። የያዘችው ክላሰር ሁለት ጊዜ ወደቀባት። መምህር ይታያል አዩዋትና አላስቻላቸውም። ጠጋ ብለው «ስምሽ ማነው? ወንበሩ ጫፍ ላይ አትቀመጪ፤ ገባ በይ። ስለ ራስሽ ሲሉሽ እንዲህ በይ» ብለው ያቺን ዐረፍተ ነገር ሰጧት። ሦስቴ አስደገሟት። እንደዚያ ሲሆኑ ክፍል ውስጥ የነበሩትን ሰውዬ መልሰው ሆኑ።

ሌሎቹም ቀረቡ። ያሠለጠኗቸውም ያላሠለጠኗቸውም ከበቧቸው። አንዱን አንገትህን ቀና አድርግ፣ አንዷን ቶሎ ቶሎ አትናገሪ ይላሉ። ሥራው አንድ ነው፤ የሚያዘጋጁት ደግሞ የሚፎካከራቸውን ሰው ነው። በረኛው ሳይቀር ገርሞት ያያቸዋል። የደሳለኝ ተራ ሲቃረብ አጥሩ ድረስ ሄደው የታጠፈ ኮሌታውን አስተካከሉለት። ደሳለኝ ዝም ብሎ ቆመላቸው። ዓይኑን ግን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር።

የሚጠየቅበት ክፍል መስኮት ክፍት ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። ስመኝ ገባች። ድምጿ ቢንቀጠቀጥም ያቺን ዐረፍተ ነገር ሳትስት ተናገረቻት፤ በእሷ አፍ የራሷ ትመስል ነበር። መምህር በረጅሙ ተነፈሱ። ቀጥሎ የገባውም እሷኑ አለ። ከእሱ በኋላ የገባችውም እሷኑ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያይተን ፈገግ አልን። ቆይቶ ግን ፈገግታው ከሁላችንም ፊት ጠፋ። ደሳለኝ እንኳ፣ ያ ሁሉ ቂም ይዞት፣ ገብቶ ሲጨንቀው ያወጣው ያንኑ ነው፦ «የጀመርሁትን ሳልጨርስ የማልነሣ ሰው ነኝ።»

ቀጥሎ መምህር ይታያል ተጠሩ። ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ፣ ገቡ።

«ስለ ራስዎ ይንገሩን» አላቸው አንዱ ጠያቂ። ከድምፁ ወጣት ነው።

መምህር ጀመሩ። «ከሰው ጋር በትዕግሥት የምሠራ፣ የማላውቀውን ለመጠየቅ የማላፍር…»

«ይቅርታ» አለ ልጁ፤ በትሕትና ነው ያቋረጣቸው። «ይቺን ዛሬ ከሁሉም ሰምተናታል። ተነጋግራችሁ ነው መሰል። እርስዎ የራስዎን ይንገሩን።»

ጸጥታ ሆነ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። የወንበር መንቀጫቀጭ ሰማሁ። «ጊዜ ይውሰዱ» አለች አንዲት ሴት። አሁንም ምንም የለም። የእኔ መምህር ናቸው እኮ! ለስንቱ ዲዳ አፍ የሆኑ ሰው። መስኮቱን ማየት አቅቶኝ አንገቴን ደፋሁ። ኋላ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ሲሉ ሰማሁና በሩ ተከፈተ። በአጠገቤ ሲያልፉ ወዛቸው ከግንባራቸው ይወርድ ነበር።

ወዲያው ተጠራሁ። ያንኑ ጠየቁኝ። ዐረፍተ ነገሯ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ግን እንዴት አድርጌ ልበላት? «ገበያ ላይ እናቴን አግዛለሁ» አልሁ። «ዋጋ ተከራካሪ ሲመጣ እናቴ ትቆጣለች፤ እኔ ደግሞ እስኪጨርስ አዳምጠዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ገዝቶ ይሄዳል።» ሌላም ጠየቁኝ፤ የመለስሁት ትዝ አይለኝም። ጆሮዬ ላይ የነበረው የዚያ ክፍል ዝምታ ነው።

ስወጣ መምህር በሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል። ሄደዋል ብዬ ነበር። «ምን አልሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ጥሩ ብለሻል። በጣም ጥሩ» አሉና ወደ መናኸሪያ አብረውኝ ሄዱ። መንገድ ላይ ስንት ሰው ሰላም ይላቸዋል፤ «መምህር» ይላቸዋል። ለሁሉም እጅ እየነሡ ያልፋሉ።

የሚያጽናና ነገር ፈለግሁ። «መምህር፣ ያበላሸንብዎት እኛ ነን። ቃልዎን ጨረስንብዎት» አልኋቸው።

«እናንተ ምን አጠፋችሁ?» አሉ። «ቃሏን ብትወስዱብኝ ግድ የለም። ባንቺ፣ የራስህን ንገረን ሲሉኝ እኮ ፈለግሁት። እዚያው ተቀምጬ ፈለግሁት። አጣሁት።»

ሚኒባሱ ሲሞላ በመስኮት እጄን ጨበጡኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ መናኸሪያው መካከል ቆመው ነበር፤ የሚሄዱበት የሌላቸው ይመስሉ ነበር።

ውጤቱ ቆይቶ በስልክ ተነገረኝ። ያለፈችው ስመኝ ናት። እኔን ተጠባባቂ አሉኝ። ለስመኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ደስ አላለኝም። ጓሮ ገብቼ አለቀስሁ። እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ለመምህር ልነግራቸው ደወልሁ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርሁ። በኋላ አክስቴ ከሞጣ ስትመጣ ጠየቅኋት። ወደ መተማ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ሄደዋል አለችኝ። እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ላገኙት ሁሉ «ልጄ ለሥራ ሄዷል» እያሉ ይናገራሉ አሉ። ከመተማ ይመለሱ አይመለሱ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እኔ አሁንም ቢቸና ነኝ፤ አሁንም ተጠባባቂ ነኝ። መምህር ይታያልን አንድ ቀንም ተቀይሜያቸው አላውቅም። ያላቸውን ሰጡን፤ ለራሳቸው ሳያስቀሩ ሰጡን። ማንን እንደምወቅስ ግን አላውቅም፤ የሚወቀስ ሰው ማጣትም ራሱን የቻለ ድካም ነው።

ድሮ የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ልቤ ይደልቅ ነበር። እናቴም ሥራዋን ትታ ፊት ፊቴን ታየኝ ነበር። አሁን ሲደወል ልቤ ዝም ብሏል። እናቴም ቀና አትልም። ስልኩን የማነሣው ጩኸቱ እንዲያቆም ብቻ ነው።