ላይፕዚግን የደበቁት ጎረቤቴ

የሆነው አምና ክረምት ላይ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ትንሽም አፍራለሁ።

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ዳቦ ቤት አለኝ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ እስረኛ ጠያቂዎች ናቸው። አንድ የፓርቲ ሰው ደግሞ ጎረቤቴ ናቸው፤ ስማቸውን ቀይሬ ጋሽ መኮንን ልበላቸው። በየስብሰባው እየተነሱ የባዕድ ነገር ይብቃን ይላሉ። ቋንቋው፣ ልብሱ፣ ምግቡ፣ አንዱም አይቀራቸውም። እኔም ከኋላ ተቀምጬ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት የዳቦ ምድጃዬ ቀጥ አለ። ያገለገለ የጀርመን ዕቃ ነው። የምድጃው ስክሪን ላይ አንድ ረጅም ቃል ብልጭ ድርግም ይላል፤ መመሪያውም በጀርመንኛ ነው። በስልክ እንዳናስተረጉም ኔትወርክ የለም። ሊጡ ኩፍ ብሏል። ከሩቅ የመጡ እናቶች ለልጆቻቸው ዳቦ ይዘው ሊገቡ በር ላይ ቆመዋል።

ጋሽ መኮንን ዳቦ ሊገዙ መጥተው ጭንቀቴን አዩ። መነጽራቸውን አደረጉና መመሪያውን ተቀብለው ያንበለብሉት ጀመር።

"የውሃ ማጣሪያው ተደፍኗል ነው የሚለው። ከኋላ ፍታው" አሉኝ።

ፈትቼ አጠብኩት። ምድጃው ተነሳ። ጀርመንኛ ከየት አመጡት ብዬ ጠየቅኳቸው። ጎንበስ ብለው ምድጃው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት በመዳፋቸው ጠረጉ። ላይፕዚግ ይላል፤ የተሠራበት የጀርመን ከተማ ስም ነው።

"የሰፈሬ ልጅ ናት እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

ዳቦው ወጥቶ እናቶቹ ከሄዱ በኋላ አጫወቱኝ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከው በዚያች ጥንታዊ ከተማ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ቤት ይሠሩ ነበር። የሳንባ ምች ጥሏቸው ሰው በሌላቸው ጊዜ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት የሆኑ አሮጊት ቤታቸው አስተኝተው ሁለት ወር አስታመዋቸዋል። አሮጊቷ ሲያርፉ ግን ጋሽ መኮንን እዚህ ስለነበሩ አልቀበሯቸውም።

ሊሄዱ ሲነሱ "ስብሰባ ላይ እንዳታነሳብኝ፣ አደራ" አሉኝ።

አሁን በየአስራ አምስት ቀኑ ይመጣሉ። እጃቸውን ታጥበው፣ የሴትዮዋን ጥቁር ኮምጣጣ ዳቦ መጋገር ያስተምሩኛል። ለገበያ አናወጣውም፤ ጓዳ ገብተን ሁለታችን እንበላዋለን። ሰው ምንድን ነው ብሎ ከጠየቀኝ የገብስ ነው እላለሁ። ውሸት አልወድም። ይህችን ግን ስዋሽ ደስ ይለኛል።