ለሰንበት የሚንጠባጠብ ውሃ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ምስማር በፍም ሲግል እያየሁ ነበር። የእናቴ አባት፣ አባባ፣ እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ በሚገኘው ሕንፃችን ጀርባ በአሮጌ ቆርቆሮዎች በርበሬ ያበቅሉ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ከገባች ውሃ ማጠጣት ስለማይፈቀድ፣ ችግኙ በራሱ የሚጠጣበትን ዘዴ አበጁ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በጋለው ምስማር ይበሱና ውሃ ሞልተው፣ አንገቱን አፈር ውስጥ ቀብረው ይገለብጡታል። ፕላስቲኩ ሲጨስ ዓይኔ እያለቀሰ፣ አብረው ስላረሱት ጦጣና ኤሊ ይነግሩኛል፤ ጦጣ በችኮላ የቅሉን ውሃ ባንዴ ደፍታ ዘሯን ጎርፍ ሲወስድባት፣ ኤሊ በጠብታ በጠብታ ስታጠጣ። ያኔ ፍሙ እስኪከስም ድረስ ከአጠገባቸው የሚያነሳኝ አልነበረም።

የበርበሬውን ዘር ሟች ሴት አያቴ ከጎንደር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ነው። እያረጀ አልበቅል ስላለ፣ ያን ዓመት አባባ የቀረውን በሙሉ ዘሩት።

አንድ ዓርብ ሻራቭ የሚሉት የበረሃ ወላፈን መጣ። ጠርሙሶቹን ተክለን ለመታጠብ ወደ ቤታችን ወጣን። ሰንበት ከገባች በኋላ ስንወርድ አንድም ጠርሙስ የለም፤ የታችኛው ቤት ጎረቤት ሰብስቦ ጥሏቸዋል። ወደ ቧንቧው ሮጥኩ።

«ተይ ልጄ፣ ሰንበት ገብታለች» አሉኝ።

«ይሞታሉ እኮ አባባ!»

«አየሁ።»

ቅዳሜን ሙሉ ወንበር አውጥተው፣ ጥላቸው ችግኞቹ ላይ እንዲያርፍ ከፀሐይዋ ጋር እየዞሩ ተቀመጡ። ሲመሽ ሁሉም ደርቀው ነበር።

ሰንበት እንደወጣች የጎረቤቱን በር በእግሬ ደበደብኩ። አባባ ከኋላዬ ቆመዋል። ሰውየው በዕብራይስጥ፣ «ቆሻሻ አጸዳሁላችሁ። የበርበሬ ችግኝ እንደሆነ ሄርዝል ጎዳና ላይ ሞልቷል» አለኝ።

«ምን አሉ?» አሉኝ አባባ። ቃል በቃል ነገርኳቸው። ሰውየውን ትንሽ አዩትና በዚያው በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ ይሁን፣ ብለው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

«ቤሰደር? ምኑ ነው ቤሰደር?» ጮህኩ።

«ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ።»

የኔን ሆድ ግን እስካሁን እየፈጀው ነው። ጊዜ ያበርዳል የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል፤ እኔ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ዓርብ ከሰዓት ፍም አልነደደም፣ ተረትም አልሰማሁም። አባባ ሰውየውን ይቅር ብለው ሞቱ፤ የሚስታቸው ዘር ነበርና ይቅርታውም የሳቸው ነው። ሰውየው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ እጄን አልሰጠሁትም። ዛሬም ቢመጣ አልሰጠውም።